ከሥር የተኛው ሰርዶ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደጋ ላይ ያለ የጎልፍ ሜዳ ሣር የሚንከባከብ። እኔና ጎልፍን ምን አገናኘን እንዳትዪ፣ ወርቅያንሹ፤ የጠየቅሽኝን ነው የምመልስልሽ። «እህቴ ታማ ስትተኛ ልጇን ያሳደግኩት እኔ፣ እማዬ የሚለው እኔን፤ ዛሬ ድና ስለመጣች ለምን እለቅላታለሁ?» ብለሻል። እንግዲያው ስሚ።

የሜዳው ሣር ሰርዶ ነበር። ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ የኅዳር ውርጭ ሲመታው እንደ አሮጌ ጆንያ ይገረጣል። ስለዚህ ሰውየው በየዓመቱ ብርድ የሚችል የፈረንጅ ሣር ከላዩ ይዘራል፤ እሱም በጋውን ሜዳውን አረንጓዴ አድርጎ ያቆያል። የካቲት ሲገባ ግን የፈረንጁን ሣር አሳጥሮ ማጨድና ውኃ መቀነስ አለበት፤ ፀሐይ ከሥር ለተኛው ሰርዶ እንድትደርስ።

አንድ ዓመት የተዘራው ሣር እጅግ አማረ። መጪው ሁሉ አደነቀ፤ ሰውየውም እንደ ሙሽራ አባት ተኩራራ። የካቲት ሲገባ ማጨጃውን ሸራ አልብሶ ውኃውን ጨመረ። አብራው የምታርም ሚስቱ ጊዜው እንዳያልፍ ብትነግረው፣ ሰርዶው እንደሆነ ሞቷል፣ ማንን ብዬ ነው ይህን የማጭደው አላት።

ሴትዮዋ ተንበርክካ ለምለሙን ሣር በሁለት እጇ ከፈለችው። ከሥሩ የሰርዶ ቡቃያ ነበረ፤ ጨለማ ቤት እንደበቀለ ባቄላ ነጥቶ፣ ቀጥኖ።

«ሞተ ያልከው ይኸውልህ። ፀሐይ የከለከልከው አንተ ነህ» አለችው። «የምትሳሳለት ደግሞ ሙቀቱ ሲመጣ ይቃጠላል። ያኔ አቧራ ታጠጣለህ።»

ሰውየው ሸራውን ገፈፈና አጨደ። ሜዳው እንደተላጨ ራስ ሆነ። ተጫዋቾቹ አላገጡበት፤ የክለቡ ሊቀመንበር እስከ ፋሲካ ካልለመለመ አካፋህን ይዘህ ውጣ አለው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። ፋሲካ ሳይደርስ ሰርዶው እየተሳበ ሜዳውን ሞላው። የታጨደው ሣርም ከንቱ አልቀረም፤ አፈሩን ከነፋስ ጠብቆ ያቆየው እሱ ነበር።

እንግዲህ ወርቅያንሹ፣ ሜዳው ልጁ ነው፤ የፈረንጁ ሣር አንቺ ነሽ። ቅር አይበልሽ፤ አንቺ ባትኖሪ ያ ልጅ ባዶ መሬት ነበር። ግን እህትሽ ተኝታ ነበር እንጂ አልሞተችም። እሷ ልታቅፈው በተነሣች ቁጥር «ና ወደኔ» የምትዪው ፀሐይዋን እየጋረድሽ ነው። ደግሞ ከሣሩ ትሻያለሽ፤ እሱ ታጭዶ ያልቃል፣ አንቺ አክስቱ ሆነሽ ትኖሪያለሽ።

ዛሬ ራት ላይ እሷ ታጉርሰው። አንቺ እጅሽን ሰብስቢ። ያለቅስ ይሆናል፤ ያ ሜዳም በታጨደ ሰሞን አላማረም።