ሞተሩ እስኪስተካከል

አንድ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ፤ ውባንተ የሚባል ታናሽ ወንድምም ነበረው። ሁለቱ ተማክረው በሬ ሸጡና አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዙ። በዚያ አገር ሞተር ታይቶ አይታወቅምና ድምፁ ከወንዝ ማዶ ሲሰማ ውሻው ሁሉ ያብድ ነበር አሉ።

እናታቸው የሞተች ቀን ውባንተ በሞተሩ ሩቅ ገበያ ሄዶ ነበር። የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጓንጉል በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ «አንተ በሞተር ስትፈነጭ እናታችን ስምህን እየጠራች ሞተች» አለው። አፍ እኮ ክፉ ነው ልጆቼ፣ አንዴ ካመለጠ ማን ይመልሰዋል? ውባንተ ቁልፉን ከወንድሙ እግር ሥር አስቀመጠና በእግሩ ወደ ቆላ ወረደ። በዚያው ቀረ።

ጓንጉል ሞተሩን ከጎተራው አጠገብ አስገብቶ በጆንያ ሸፈነው። ጎተራ የሚከደነው ሞልቶ ነው ብሎ፣ ቤንዚኑንም እስከ አፉ ሞልቶ ከደነው። ዓመት በዓል ሲመጣ አቧራውን ይጠርግለታል፤ የወንድሙን ስም ግን አያነሳም። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

አንድ ቀን ከቆላ የመጣ የፍየል ነጋዴ፣ ውባንተ መታመሙን፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን እንደሚያይ ነገረው። ጓንጉል ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ቆላው በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሚስቱ በቅሎዋን ጫነችለት። እሱ ግን በሞተሩ ነው የምሄደው አለ። ሞተሩ ደጁ ሲደርስ ወንድሜ ድምፁን ይለየዋል፤ ያኔ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፌ ማውጣት አያስፈልገኝም ብሎ ነው። አያችሁ፣ ኩራት እንዲህ ነው፤ ሲሸነፍ እንኳ በፈረስ ልምጣ ይላል።

ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ተጠሩ። የሞተሩን ጋን ሲከፍቱት ቤንዚኑ ገምቷል፤ የረጋው እንደ ግራር ሙጫ ተጣብቆ ቀጫጭኑን መተላለፊያ ሁሉ ደፍኗል። ጭስ ማውጫው ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ፈቱት፣ አጠቡት፣ የሚቀየረውን ከተማ ልከው አስመጡ። ይህ ሞተር ቤንዚን ብቻውን ከጠጣ ራሱን ይበላል ብለው፣ ዘይት ከአዲስ ቤንዚን ጋር ለክተው ቀላቀሉለት። በአምስተኛው ቀን ተነሣ፤ ግን ትክ ትክ እያለ፣ እያነቀው ነው።

«በቃ ሂድ» አሉት ጋሽ ሰይድ። «እያሳለም ቢሆን ያደርስሃል።»

«እያሳለ ደጁ ልድረስ እንዴ ጋሽ ሰይድ? አሥራ አንድ ዓመት ይዞ ይህን አመጣ ብሎ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብሃ! የታመመ ሰው አስቀህ ብትመለስ ምን ይጎድልብሃል?»

አልሰማቸውም። ሌላ አራት ቀን ሲያስፈታ፣ ሲያስገጥም ከረመ። በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ እንደ ጥንቱ ጮኸ። ጓንጉል እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሶ ወጣ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅም ቆላ ገባ።

ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ሞተሩ አንዴም ሳያስል፣ አምሮበት ይንዶቀዶቃል፤ ጓንጉል ማጥፋቱንም ረስቶ ድንኳኑን ያያል። የውባንተ ሚስት ከድንኳኑ ወጥታ ሞተሩን አየችው።

«ትናንት ቀበርነው» አለችው። «ሞተሩንማ ድሮ የሸጡት መስሎት ነበር፣ ጋሼ። እሱ ሲያዳምጥ የከረመው የእርስዎን ኮቴ ነው።»

ጓንጉል አላለቀሰም፤ እንባው ራሱ ከዳው። በማግሥቱ ሞተሩን እዚያው ትቶ፣ ቁልፉን ከመቃብሩ እግርጌ አኖረና በእግሩ ተመለሰ። የሁለት ቀን መንገድ ነው ብያችኋለሁ። በሁለት ቀን ገባ።

ልጆቼ፣ ሞተርማ አሥራ አንድ ዓመት ተኝቶም ይነሣል። ሰው ግን ዘጠኝ ቀን አይጠብቅም። ይቅርታ እስኪያምር አይጠበቅም፤ እያሳለም፣ እያነከሰም ይሄዳል። እናንተስ፣ ዛሬ ኮቴያችሁን የሚያዳምጥ ማን አለ?