የአንጓች ደፍ

የጉንዶ ሐይቅ ሞልቶ ወደ ቆላው በሚወርድበት ጠባብ አፍ ላይ ከወዲህኛው ገደል እስከ ወዲያኛው የተደረደረ የድንጋይ ካብ አለ፤ ስሙ የአንጓች ደፍ ነው። ጭቃ አልነካውም፤ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል እየሾለከ ጅረት ሆኖ ይወርዳል። እንግዳ ሰው ቢያየው ምንም አይመስለው፤ ልብስ አጣቢዎች አረፍ የሚሉበት ካብ ነው። እንግዳውን የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ደፉ ዘንድሮ እስከ ምን ድረስ ይካብ ተብሎ ሁለቱ ሰፈሮች ከሾላው ሥር ሲቀመጡ፣ የሐይቁ ዳር ሰዎች እየተነሡ ለጅረቱ ሰዎች ይሟገታሉ፣ የጅረቱም ሰዎች እየተነሡ ለዳሮቹ ይሟገታሉ። ለራሱ የሚናገር የለም። «እኔማ» ብሎ የጀመረ ካለ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ያስቀምጡታል። ይህን ሳያውቅ የመጣ አንድ ሹመኛ፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ ሳይገባው ውሎ ራሱን ይዞ ሄደ ይባላል፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ዘመን በሐይቁ አፍ ላይ ደፍም ካብም አልነበረም፤ ውኃው ሲሞላ ይፈስሳል፣ ሲጎድል ያቆማል፣ ሰውም የመጣለትን ይቀበላል። ኋላ ክፉ ድርቅ መጣና ጅረቱ ገና ከገና በፊት ጸጥ አለ። የታች ሰፈር ሰዎች፣ ነጭ ሽንኩርታቸውንና ጌሾአቸውን በዚያ ጅረት የሚያጠጡት፣ ድንጋይ እየተሸከሙ ወጥተው የሐይቁን አፍ ካቡት። የዳር ሰዎችም አብረዋቸው ተሸከሙ፤ ልጅ የተሰጣጡ ዘመዳሞች ነበሩና ማን ይከለክላል? በቀጣዩ ክረምት ሐይቁ ከካቡ ኋላ ተኝቶ ሞላ፣ ጅረቱም እስከ ግንቦት ድረስ ወረደ። ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ ግን ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየበረታ ሲሄድ፣ ካቡ ያቆመው ውኃ ወደ ኋላው ሰፋና የዳር ሰዎች እርሻ ውስጥ ገባ። ጠቡ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ጠቡ የዱላ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። የጉንዶ ሰዎች ግን ከዱላ ይልቅ ሙግት ይወዳሉ፤ ዛሬም ይወዳሉ፣ ይህን ስል እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ፤ ቢቀየሙም ተነሥተው ይሟገቱኛል እንጂ ሌላ ምንም አያደርጉኝም። እናም ነገሩን የአገሩ ገዥ ወደነበሩት ወደ ግራዝማች ወንድይራድ ወሰዱት። ግራዝማች ደግሞ ከመፍረድ መስማት የሚወዱ ሰው ነበሩ ይባላል። መጀመሪያ የዳር ሰዎች ከሌላ አገር አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ አምጥተው፣ «በላ ልበልሃ» እያለ፣ በትሩን እያወዛወዘ፣ ሸማውን እያጣፋ ረታላቸው፤ ካቡም እስከ ሥሩ ፈረሰ። በዚያ ዓመት ጅረቱ ታኅሣሥ ሳያልቅ ደረቀና የታች ሰፈር ነጭ ሽንኩርት ከነመደቡ ነደደ። በቀጣዩ ዓመት የታች ሰፈር ሰዎች ጠበቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ የራሳቸው ሰው የሆነው ስንሻው ቆመ። ስንሻው ያው ነጭ ሽንኩርት ተካይ ገበሬ ነው፤ ሲናገር ግን አላፊ አግዳሚው አህያውን አቁሞ ይሰማው ነበር ይላሉ። እሱም ረታ፤ ካቡ ከቀድሞው ይልቅ ከፍ ብሎ ተካበና ውኃው እንደገና የዳር ሰዎች እርሻ ውስጥ ገባ።

እንዲህ እያለ ሲፈርስና ሲካብ፣ ዳኝነቱ የውኃ መሆኑ ቀርቶ የአፍ ሆነ። ሙግቱ በሚውልበት ቀን ከየአጥቢያው ሰው ቆሎውን ቋጥሮ ይመጣል፤ ማን ምን አለ፣ ማን ማንን በምን ቃል ዘጋው የሚለው ወሬ እስከ ገበያ ይዘልቃል። ሐይቁ የት ደረሰ፣ የማን ቤት ምን በላ የሚለውን ግን የሚጠይቅ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ያፍራሉ። ማፈራቸው ደግ ነው።

አንጓች የምትባለው ሴት በዚህ መካከል ትመጣለች። ከሐይቁ ዳር አንዲት ቁራሽ እርሻ ነበረቻት። ባሏ እርሻውን ለዘር አርሶ ካበቃ በኋላ ሳይዘራው ንዳድ ያዘውና ሞተ፤ በዚያው ክረምት ስንሻው የረታበት ካብ ውኃውን ገፍቶ የታረሰውን እርሻ እንዳለ ሸፈነው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፣ በሬ የላትም። ዘንድሮም ዘር ካልዘራች ልጆቿ አንዷ ወደ አጎቷ፣ አንዷ ወደ አክስቷ እንዲሄዱ፣ እሷም ሰው ቤት ገብታ እንድትፈጭ ዘመድ ተሰብስቦ ወስኖባታል። ለዳር ሰፈር ሌሎች ሰዎች ውኃው ከእርሻቸው ጫፍ የነካ ቢሆን፣ ለአንጓች ግን ቤቷ መዘጋቱ ነበር።

የሙግቱ ቀን ሲቀርብ የዳር ሰዎች የቀድሞውን ጠበቃ ለማምጣት ማርና ሙክት ማዋጣት ጀመሩ። አንጓች የምታዋጣው አልነበራትም። ባለ ድርሻ ካልሆነች ጠበቃው ስሟን እንደማያነሣላት ደግሞ በደንብ ታውቃለች። እንግዲህ ያን ቀን፣ ሕዝቡ ቆሎውን ይዞ ከሾላው ሥር ተደላድሎ ሲቀመጥ፣ ከሴቶቹ መካከል ተነሣችና በግራዝማች ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ እኔ አፍ የለኝም። ጠበቃ ይሰጠኝ።»

«ጠበቃማ ሰፈርሽ ይዞ መጥቷል» አሏት ግራዝማች።

«እሱ የሰፈሬ ነው፤ የእኔ አይደለም። እኔ የምፈልገው ከሁሉ የሚበልጠውን ነው» አለችና ወደ ታች ሰፈር ሰዎች ዞራ በእጇ ጠቆመች። «አያ ስንሻው፣ በንጉሥ አምላክ ይዤሃለሁ፤ ጠበቃዬ ሁን!»

በዚያ ዘመን በንጉሥ አምላክ የተያዘ ሰው፣ መንገደኛም ቢሆን፣ ጉዳዩን ጥሎ የተጠየቀውን ይፈጽማል እንጂ እምቢ አይልም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በባላጋራው ጠበቃ ላይ ይህን ቃል የጣለ ሰው ከዚያ በፊት አልታየም። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፣ ቀጥሎ ጫጫታ። የዳር ሰዎች ራሳቸው «ይቺ ሴት አበደች እንዴ?» አሉ። ስንሻው ሸማውን ሰብስቦ ወደ መካከል ወጣ።

በመጨረሻ «እሺ ተይዣለሁ» አለ፤ «ለእኔ ሰፈርስ ማን ይናገር?»

«እኔ እናገራለሁ» አለች አንጓች።

ግራዝማች እዚህ ላይ የልባቸው ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ሙግት ሰምተው አያውቁማ! ሁለቱንም በእውነት ሊሟገቱ፣ ለያዙት ወገን እንጂ ለራሳቸው ላያደሉ አስማሏቸውና፣ አይተው ይምጡ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ስንሻው የሚሟገትለትን እርሻ ሊያይ ወደ ዳር ወጣ። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ውኃ ነው። ልብሱን ሰብስቦ ገባና እስከ ጉልበቱ ደርሶ ሲራመድ እግሩ ትልም አገኘ። ገበሬ ነውና ቆመ። ወዲያ ሲል ሌላ ትልም፣ ወዲህ ሲል ሌላ፤ ቀጥ ያለ፣ ደህና አድርጎ የታረሰ እርሻ ከነትልሙ ውኃ ውስጥ ተኝቷል።

«ይህን ያረሰው ማነው?» አላት ከውኃው ዳር የቆመችውን አንጓችን።

«ባሌ። ሳይዘራው ነው የሄደው።»

ስንሻው ይህን ውኃ እዚህ ያመጣው ራሱ በሙግቱ ቀን የተናገረው ንግግር መሆኑን አሰበ፤ ንግግሩን ቃል በቃል ያስታውሰው ነበርና ምን ያህል ተጨብጭቦለት እንደነበር ጭምር ትዝ አለውና አፈረ።

አንጓችም በተራዋ ወደ ታች ወረደች። ጊዜው ግንቦት ነው፤ ካቡ ከፍ ብሎ በከረመበት በዚያ ዓመት እንኳ ጅረቱ ቀጥኖ ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። የስንሻው ሚስት፣ ባሏን የያዘችባት ሴት እሷ መሆኗን እያወቀች፣ ረጅም ተራ ጠብቃ ከቀዳችው ውኃ በቅል ሰጠቻት። አንጓች ቤቷ በሐይቅ ፊት ነው፤ ውኃ ጠላቷ ሆኖ ከርሟል። ሰው ውኃን በስስት እያየ ለእንግዳ ሲሰጥ ያየችው ያን ቀን ነው። ጠጥታ ጨረሰችና፣ እንደሚነገረው፣ «ምነው ባልሰጠሽኝ» አለቻት። ከልቧ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ስንሻው ተነሥቶ ስለ አንጓች ተናገረ፤ በትሩን አላወዛወዘም፣ ሸማውንም አላጣፋም። ውኃ ውስጥ ስላለው ትልም ተናገረ፤ ስለ አራሹ እጅ ተናገረ፤ ሁለቱ ልጆች በተለያየ ቤት ሲያድሩ አንዷ የሌላዋን ስም ጠርታ ስታለቅስ ማን እንደሚያባብላት ጠየቀ። የገዛ ሰፈሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ሲጨርስ «ካቡ እስከ ሥሩ ይፍረስ ለምን እንደማልል አላውቅም» ብሎ ተቀመጠ።

አሁን ተራው የአንጓች ነው። ጠበቃዋ ረትቶላታል ማለት ይቻላል፤ እሷ ትንሽ ብትንተባተብ፣ ሁለት ቃል ተናግራ ብትቀመጥ፣ እርሻዋ ሙሉውን ይመለስላት ነበር። ማን ይወቅሳት ነበር? አፍ የለኝም ብላ የለ? እኔ ብሆን የምንተባተብ ይመስለኛል።

«እኔ ማሳመር አላውቅም» አለች። «ከታች ወርጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ድንጋዩ ከፍ ብሎ እንኳ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ለአንድ እንስራ ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ከወረደ ያችውም አትኖርም። የአያ ስንሻው ሚስት ከዚያች ውኃ አጠጥታኛለች።»

ግራዝማች «እሺ፣ ለምትሟገቺላቸው ሰዎች ውኃው ምን ያህል ቢቀርላቸው ይበቃቸዋል?» ብለው ጠየቋት።

ወደ ሐይቁ ዞረች። ከዚያ «እስከ እርሻዬ እኩሌታ» አለች። «ውኃው እስከዚያ ይቁም። ከዚያ በታች አታውርዱባቸው።»

በደስታ አልነበረም ያለችው፤ እያለቀሰች ነው። አንዳንዶች ስንሻውን «ያዝኩህ፣ አንተም ያዝከኝ» ብላ ተቆጣችው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ዓይኗን ጠርጋ ተቀመጠች ይላሉ። ስንሻው ግን ገና ጠበቃዋ ነውና ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ እኩሌታው አይበቃትም። ሴትየዋ በሬ የላትም፤ የቀረላትን ምን አድርጋ ታርሰዋለች? ውኃውን የምንጠጣው እኛ ነን፤ የተረፈላትን እኩሌታ የታች ሰፈር ወጥቶ ይረስላት፣ ይጎልጉልላት፣ ይጨድላት።»

የታች ሰፈር ሰዎች የገዛ ጠበቃቸው ሲፈርድባቸው ሰምተው አንድም «አይሆንም» ያለ አልነበረም ይባላል። ግራዝማችም ፈረዱ። ካቡ ውኃው የአንጓችን እርሻ መካከል እስኪነካ ድረስ ዝቅ አለ፤ ያን ጊዜ የተቀመጡት ድንጋዮች ናቸው ዛሬ ደፍ የሚባሉት። ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ቤት አልወጡም፤ አድገው የተዳሩትም ከዚያው ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ በጉንዶ ለራሱ የሚሟገት ሰው ጠፋ፤ አንዴ ለሌላው ወገን ሊሟገት የሄደ ሰው ሳያይ አይመለስምና።

ከፍርዱ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አንጓች ካረጀች በኋላ፣ ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ሐይቁ ደፉ ሥር እንኳ ሳይደርስ ቀረ፣ ጅረቱም ጨርሶ አልወረደም። መስከረም ሲጠባ በውኃ ውስጥ የኖረው እኩሌታ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተገለጠ። ሽምብራ ለመዝራት እንዲህ ያለ መሬት አይገኝም፤ ግን ማን ያርሰዋል? የታች ሰፈር ሰዎች ያለባቸው የቀረችውን እኩሌታ ማረስ ነው፤ ይህን አልተፈረደባቸውም። የራሳቸውም መደብ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንጓች ዘሩን በእንቅብ ይዛ ወጥታ ከጭቃው ዳር ተቀመጠች ይባላል፤ በእጇ እየቆፈረች ልትዘራ ነበር። ቀና ስትል የታች ሰፈር በሬዎች ሽቅብ እየመጡ ነው፤ ከሲታዎች፣ እየተጎተቱ። ስንሻው በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። የጠራቸው የለም።

ዛሬም በጉንዶ በየጊዜው እንዲህ ያለ ዓመት ይመጣል። ያ እኩሌታ ሲገለጥ በዳር ሰፈር በሬ ለሌላት ሴት ይሰጣል፤ የሚያርሱት ግን ሁልጊዜ የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሲያርሱ ብዙ አያወሩም፤ ሽምብራው ከተዘራ በኋላ እንስራቸውን ከሐይቁ ሞልተው፣ በሬዎቻቸውን እየነዱ ይወርዳሉ። የሚመጡት ጅረታቸው በደረቀ ዓመት ነው።