በቃሬዛ የሄደው ውሻ

ሰው ሲተርት ስትሰሙ ተረቱ ከሜዳ የበቀለ ይመስላችኋል። አይደለም። ለእያንዳንዱ ተረት አንድ ሰው ዋጋ ከፍሏል፤ ለዛሬው የከፈለው አያ ጓንጉል ነው፣ የከፈለውም በበቆሎ።

አያ ጓንጉል ወሎ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ይኖር ነበር። ገደሉ የዝንጀሮ አገር ነው። በቆሎው እሸት ሲሆን መንጋው እየተግተለተለ ይወጣል፤ ውሻ የሌለው ገበሬ ለዓመቱ የሚተርፈው አገዳ ብቻ ነው። ጓንጉል ግን መከታ የሚባል ቀይ ውሻ ነበረው። መከታ አንዴ ከጮኸ ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ቁልቁል ነው። ለዚህ ሁሉ ውለታ የሚያገኘው ታዲያ የድስት እጣቢ ነበር፣ እሱም ድስቱ በጣት ከተጠረገ በኋላ። ጓንጉል ውሻውን አይወደውም ብዬ አልዋሽም፤ ይወደዋል። ብቻ ልቡ ስጥ ሲለው እጁ የሚጨበጥ ሰው ነበር።

አንድ ጠዋት የመንጋው አውራ፣ ያ ጎፈሬያም ግመሬ ዝንጀሮ፣ ሲሸሽ ቆይቶ ድንገት ዞረና የመከታን ጭን ዘነጠለው። ማሳዋ ከጓንጉል ማሳ የሚዋሰን እትዬ ያልጋነሽ የምትባል ባልቴት ደረሰች። የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ቁስሉን አሰረችና ኡኡታዋን ለቀቀችው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ከተማ ያለው የከብት ሐኪም ካልሰፋው ይሞታል» አለች። «ቃሬዛ ይምጣ።»

«የሰው ቃሬዛ ላይ ውሻ?» አለ አንዱ።

የቅሬው፣ የመንደሩ እድር ማለት ነው፣ ዳኛ አባ ወንድይራድ አገጫቸውን በከዘራቸው ደግፈው አሰቡ። «ዝንጀሮ ሲወጣ እስከዛሬ ስትጮህ የኖርከው አንተ ነህ?» አሉት። «በል አንሳ። ለመሆኑ ባለቤቱ ማነው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በመንደሩ ደንብ በሽተኛ ተሸክሞ የሄደ ሰው ሲመለስ ምሳ የሚያበላው የበሽተኛው ቤት ነው። ሁሉም ወደ ጓንጉል ዞረ። ጓንጉል በዓይኑ የተሰበሰበውን ሰው ለካ፤ ቀጥሎ ለፋሲካ የቀለበው ሙክት ትዝ አለው።

«የኔ አይደለም» አለ።

«ምን አልክ?» አሉት አባ ወንድይራድ።

«ደጄ ይውላል እንጂ የኔ አይደለም። የአገር ውሻ ነው።»

«ሰው ሰምቷል፣ ጓንጉል።»

«ይስማ።»

«እንግዲያው የኛ ነው» አለችና እትዬ ያልጋነሽ ውሻውን ጋቢ አለበሰችው።

ጉዞ ተጀመረ። ጓንጉልም ጨው ሊገዛ የሚሄድ መስሎ ራቅ ብሎ ተከተለ፤ እንዲያው ሆዱ አላስችል ብሎት ነው። በአገሩ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። አንዱ ከበሬው፣ አንዱ ከገበያው እየቀረ «እግዜር ይማረው» እያለ ገባ። አንዲት አሮጊት እንባቸውን እየጠረጉ አብረው መራመድ ጀመሩ።

«ልጅ ነው ወይስ አባወራ?»

«አባወራ ነው፣ እማማ» አለ ከፊት የተሸከመው።

«ስንት ልጅ አለው?»

«እሱስ በውል አይታወቅም። በየመንደሩ ነው።»

«ምን ዓይነቱ ነው» አሉና እንባቸውን ተዉት። ወዲያው አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ቀረቡና ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉ መከታ አፍንጫቸው ሥር አንድ ጊዜ ጮኸ። ቄሱ ወደኋላ ሦስት እርምጃ፣ መስቀሉ ወደ ኪስ። አዲስ የገባው ተሸካሚ ቃሬዛውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ነገሩን ሲሰማ ግን ስቆ፣ «አንዴ ትከሻዬን ሰጥቻለሁ፣ ከተማ ሳልደርስ አላወርድም» አለ።

ሐኪሙ ጭኑን ሰፋ፤ ሂሳቡን ቅሬው ቻለ። «ማነው ባለቤቱ?» ሲል ግቢ የሞላው ሰው «እኛ» አለ። «ሃያ ቀን ይረፍ፤ መረቅ፣ ወተት፣ እንቁላል አይለየው።» ከአጥሩ ጀርባ የቆመው ጓንጉል እንቁላል ሲባል ሰማና ተመስገን አለ። ሲድን መቼም ወደ ቤቱ ነው፣ ወዴት ይሄዳል ብሎ አሰበ።

መከታ ተራ ተመደበለት። ሰኞ እትዬ ያልጋነሽ ቤት መረቅ፣ ማክሰኞ ሌላው ጋ አጥንት፣ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሕፃናት ያሉበት ቤት እየተመረጠ ወተት። አንገቱ ወፈረ፣ ጠጉሩ አበራ። ጓንጉል ደግሞ ድስቱን ያጥብና እጣቢውን ይዞ ደጃፉ ላይ ይቆማል። የሚያፈስለት የለም። ናፍቆት ነው፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

በሃያ አንደኛው ቀን መንጋው ወጣ። ያ በቆሎ የጓንጉል የዓመት ቀለብ ነው።

«መከታ፣ ና» ብሎ ተጣራ።

መከታ ከእትዬ ያልጋነሽ ደጅ ተፈናጥሮ ተነሣ። ዝንጀሮውን ከያልጋነሽ ማሳ አባረረ፣ ከቀጣዩ ማሳ አባረረ፣ ከዚያኛውም ጠረገ። መንጋው ሰላም ያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ገባ። መከታ ከጓንጉል ድንበር ሲደርስ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ጠባሳውን ይልስ ጀመር። ዝንጀሮዎቹ እንደ ሰርግ ታዳሚ ተደላድለው ተቀምጠው የጓንጉልን እሸት ይፈለፍላሉ።

ጓንጉል ድንጋይ ቢወረውር አልሆነለት። ገመድ ይዞ ውሻውን ሊጎትት ወደ ያልጋነሽ ማሳ ሲሻገር መከታ ጠጉሩን አቆመና ጥርሱን አውጥቶ ጮኸበት፤ የኋሊት እየረገጠ ከድንበሩ እስኪወጣ ድረስ ጮኸበት። ጓንጉል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አባ ወንድይራድ፣ ይፍረዱኝ እንጂ» አለ። «ከቡችላነቱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የኔን እያስበላ ለነሱ ይጮህ? በኔው ላይ ይጮህ?»

አባ ወንድይራድ እትዬ ያልጋነሽ የሰጠቻቸውን የተጠበሰ እሸት እየጋጡ ነበር። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «እኔ ምን ልፍረድ ልጄ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉት።