የግራ እጅ ጉርሻ

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ከላይ ሰፈሯ ነጋዴና ዓሊም፣ ከታች ሰፈሯ ደግሞ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ድሃ የሚኖርባት አሮጌ ከተማ ነበረች ማለት ይበቃል። እዚያ ሼህ ጀውሐር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ለተማሪዎቻቸው፣ ለደረሶቹ፣ ፊቅህ የሚባለውን የሃይማኖት ሕግ ያቀራሉ፤ ሰው ሲጣላም የሚያስታርቁት እርሳቸው ናቸው። ቁጣ የሚባል ነገር አያውቁም ይባልላቸው ነበር። ትንሽ ተጋኗል፤ እንደምታዩት አንድ ቀን ተቆጥተዋል።

ታላቅ ወንድማቸው ሐጂ አብራር ሌላ ሰው ናቸው። በቅሎ ጭነው ቆላና ደጋ የነገዱ፣ ሰደቃ ሲያወጡ ከተማው የሚጠግብላቸው፣ አፋቸው ግን የሚያቃጥል። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ ሼህ ጀውሐርን ያሳደጉት፣ ስንቅ ቋጥረው ኪታብ እንዲቀሩ የላኩት እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሼህ ጀውሐር ከሸበቱም በኋላ "ጋሼ" ይሏቸዋል፤ በፊታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ጁምዓ ሐጂ አብራር ውዱእ ሲያደርጉ ወደቁ። ዛሬ ሐኪም ስትሮክ የሚለው ነው፤ በዚያ ዘመን "መታቸው" ብቻ ተባለ። ቀኝ እጅና እግራቸው በድን ሆነ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ ያ የሚያቃጥል ምላስ ተሳሰረ። ሚስታቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ሼህ ጀውሐር በቃሬዛ አስነስተው ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዷቸው።

ማስታመም በወሬ ቀላል ነው። ሼህ ጀውሐር ራሳቸው ወገባቸው የማይታዘዝላቸው ሽማግሌ ናቸው። ግን ጎናቸው እንዳይቆስል ያገላብጧቸዋል፣ ከሥራቸው የረጠበውን ያነሳሉ፣ ገላቸውን ያጥባሉ፣ ሰላት በደረሰ ቁጥር በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም ያስደርጓቸዋል። ሐጂ ሲታጠቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከተጨፈነው ዓይን እንባ ይወርዳል። ሼህም እንዳላዩ ሆነው ፎጣውን ይጨምቃሉ። ደርሱ ተቋረጠ፣ ደረሶቹ ወደየአገሩ ተበተኑ። "ዒልም ማስተማር ይበልጣል ሼሃችን፤ ለወንድምዎ ሰው ይቅጠሩላቸው" የሚሉ መጡ።

"እኔን ሲያሳድጉ ሰው አልቀጠሩልኝም" ብለው መለሷቸው።

የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ሐጂ አብራር አልበላ አሉ። የሼህ ባለቤት እመት ሲቲና ገንፎውን አላልተው፣ በቅቤ አለስልሰው ያመጣሉ፤ ሼህ ሊያጎርሱ ሲሉ ሐጂ ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። "እንግዲያ በራስዎ ይብሉ ጋሼ" ብለው ሳህኑን ወደ ደህናው እጃቸው፣ ወደ ግራው ሲያስጠጉ፣ ያን እጅ ብርድ ልብስ ሥር ይደብቁታል። ጥቂት ወተት ብቻ ነው በጉሮሯቸው የሚያልፈው። ያ ግዙፍ ሰው ከቀን ወደ ቀን መነመኑ።

"ስንቱን ያጎረሱ ሰው መጉረስ ቢያሳፍራቸው ነው። ኩራት ነው" አሉ እመት ሲቲና።

ሼህ ጀውሐርም እንዲያ መሰላቸው። አንድ ከሰዓት፣ ወገባቸው ተቆርጦ፣ ገንፎው እንደ ወትሮው ሳይነካ ሲቀዘቅዝ፣ ሳህኑን መሬት ላይ ጣሉት።

"ጋሼ! ምን በደልኩዎ? ራስን በረሃብ መግደል ሐራም መሆኑ ጠፍቶዎት ነው? ነገ አላህ ፊት በእርስዎ ነፍስ ሊያስጠይቁኝ ነው?"

ድምፃቸው ከአጥር ወጥቶ ተሰማ። እመት ሲቲና ከጓዳ ደንግጠው ብቅ አሉ፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ይህን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም። ሐጂ አብራር ወደ ወንድማቸው ዞሩ። ከዚያ የተጣመመው አፍ ታገለ።

"ቡሽራ" አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ፣ "ተርቦ... ወጣ።"

ሼህ ጀውሐር መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

ቡሽራ ታች ሰፈር የሚኖር፣ በአህያ ውሃ እያመላለሰ የሚያድር ሰው ነበር። ቀኝ እጁ ከልጅነቱ የሰለለች ናት። ከብዙ ዓመት በፊት ሐጂ ሰደቃ ባወጡ ቀን ከሰው ጋር ገበታ ቀረበና ግራ እጁን ሰደደ። ሐጂ አንጓውን ያዙት።

"በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው። ከገበታዬ ተነስ!"

"ሐጂ፣ ቀኜ አትታዘዘኝም" አለ ቡሽራ።

"እንግዲያ የሚያጎርስህ ፈልግ!"

ሰው ሳቀ። ቡሽራ ምንም ያልነካውን እጁን ጠረገና "ገበታው ይባረክ" ብሎ ወጣ። ሼህ ጀውሐር ያን ቀን እዚያው ገበታ ላይ ነበሩ። ኡዝር፣ ማለት በቂ ምክንያት፣ ላለበት ሰው ግራ እጅ እንደሚፈቀድ ከደረሶቻቸው ትንሹ እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን የተናገሩት ጋሼ ናቸው። ዝም አሉና ምሳቸውን በሉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚያ ቤት ግን የወጋውም አልረሳ ኖሯል። ቡሽራ ያፈረበት ግራ እጅ ለእርሳቸውም ብቸኛ እጅ ሲሆን፣ ሐጂ አብራር በገዛ አንደበታቸው የፈረዱትን ፍርድ በራሳቸው ላይ እየፈጸሙ ነበር፤ ያን ቀን ቡሽራን ያጎረሰው ሰው ስላልነበረ እርሳቸውም አይጎርሱም።

"አመጣልዎታለሁ ጋሼ" አሉ ሼህ። "ኢንሻአላህ ቡሽራን አመጣልዎታለሁ።"

ታች ሰፈር ሲጠይቁ ቡሽራ ልጁን ተከትሎ ወደ ሌላ አገር ከሄደ ቆይቷል አሏቸው። ሕመምተኛውን ለእመት ሲቲናና ለጎረቤት አደራ ብለው በበቅሎ ወጡ። ልጁን ሙስባህን አገኙት፤ ጎልማሳ ግንበኛ ሆኗል፣ የሰው ቤት ግድግዳ ጭቃ ይመርጋል።

"አባትህን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አሉት።

"አባቴን ባለፈው ክረምት ቀበርኩት።"

ሼህ ጀውሐር "ኢና ሊላህ" አሉ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ የራሳቸውን ዝምታ ጭምር፣ ሳያስቀሩ ነገሩት። ሙስባህ መምረጉን አላቆመም፤ ፊቱንም አላዞረም።

"አባቴ ሰው መሃል ቀርቦ ሲበላ አይቼው አላውቅም" አለ። "ለሠርጌ እንኳ ዳሱ ሞልቶ እሱ ጓዳ ገብቶ ለብቻው ነው የበላው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አልነገረኝም ነበር። አሁን እርስዎ ነገሩኝ።"

ሼህ ጀውሐር አለቀሱ። "አፉ በለን" አሉት።

"የራሴ ቢሆን አፉ ባልኩ። የሞተ ሰው ሐቅ ነው ሼሃችን፤ የሱን እኔ እንዴት ብዬ እሰጣለሁ?"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሑክሙን፣ የሃይማኖቱን ፍርድ፣ ሲያስተምሩ ኖረዋልና ልጁ ትክክል መሆኑን ያውቃሉ። ወደ በቅሏቸው ዞሩ። እርካቡን ሲረግጡ ከኋላቸው ውሃ ሲፈስ ሰሙ። ሙስባህ እጁን እየታጠበ ነበር።

"ሰውየው አሁንም አይበሉም?"

"አይበሉም።"

"በሉ እንሂድ" አለ።

መንገድ ላይ አድረው በማግስቱ ረፋድ ላይ ገቡ። ሙስባህ "አሰላሙ ዓለይኩም" ብሎ በሐጂ አብራር በግራ በኩል ተቀመጠ። ሼህ ጀውሐር ጎንበስ ብለው፣ "የቡሽራ ልጅ ነው ጋሼ። ቡሽራን አላህ ይርሐመው" አሉ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደህናው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እመት ሲቲና ገንፎውን አቅርበው ገለል አሉ።

"ሐጂ" አለ ሙስባህ፣ "እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። ያሳደገኝ አባቴ ነው። ያጎረሰኝ በግራው ነው፤ ሌላ እጅ አልነበረውም። እሱ ከሞተ ወዲህ በግራ እጅ ያጎረሰኝ ሰው የለም።"

ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ።

ሐጂ አብራር ቀስ ብለው ዞሩ። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣች። ከገንፎው ቆነጠሩ፤ እጃቸው ስለምትንቀጠቀጥ ግማሹ ሙስባህ ጉልበት ላይ ወደቀ። የቀረውን ሙስባህ "ቢስሚላህ" ብሎ ጎረሰ፤ እንባው እየወረደ አኝኮ ዋጠ። "አሁን ደግሞ እርስዎ" አላቸው። ሐጂም በዚያው እጅ በሉ። ሼህ ጀውሐር እርሳቸውም መጉረስ ፈልገው ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አፈሩ።

እንዲህ ሆነና ዳኑ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሐጂ አብራር ብዙ ሳይቆዩ ሁለተኛው ሕመም መታቸውና ሞቱ። በጀናዛቸው ላይ ኢማሙ "ይህን ሰው አፉ በሉት" ሲሉ ሕዝቡ "አፉ ብለናል" አለ። ሙስባህ ከሰው መሃል ቆሞ ዝም አለ። ቃሬዛውን ግን ከፊት ሆኖ እስከ መቃብር ተሸከመ።

ከቀብር መልስ አንድ ነገረኛ ወደ ሼህ ጀውሐር ጠጋ አለ። "ሐጂ በመጨረሻ በግራቸው ሲበሉ ነበር አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?"

ሼህ ጀውሐር ወደ እሱ ዞሩ። "ቡሽራ ተርቦ ሲወጣ፣ እኔ ዝም ብዬ የበላሁት በቀኝ እጄ ነበር" አሉት።

እኔ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ገበታ ላይ እጄን ስዘረጋ ደስ አይለኝም። ሱናውን አክብሩ፤ ይህ አያከራክርም። ግን ሱና የሰው ፊት መምቻ ዱላ ሲሆን እያዩ ዝም የሚሉ ስንት አዋቂዎች አሉ? ቤታችሁም የወደቀ ዘመድ ካለ፣ ገላውን እያጠባችሁ ልቡ ላይ ያለውን ሳትጠይቁት እንዳትቀሩ። ምላሱ ሳይታሰር ጠይቁት፤ ባለ ሐቁም ሳይሞት። ሼህ ጀውሐር ወንድማቸውን እንደ ሕፃን አስታመዋል፤ አላህ ይቀበላቸው። ቡሽራ ግን ያን ቀን ተርቦ እንደ ወጣ ነው፤ ጉዳዩ ለቂያማ ቀን ተቀጥሯል። ሽማግሌው ይህን ያውቁ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ገበታ በቀረበ ቁጥር እጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት "ያልቀረበ ሰው አለ?" ብለው ወደ በሩ ያዩ ነበር ይባላል።