የሽብሩ መንጋጋ

አንድ ጊዜ ከገደል ሥር በዋሻ የምትኖር አንዲት ጅብ ነበረች። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሲያድግ አገር ያሸብራል ብላ ስሙን ሽብሩ አለችው። ሽብሩ ግን እንኳን አገር ሊያሸብር አፉን መግጠም አቃተው። ሲነክስ የታች መንጋጋው ወደ ግራ ይሸሻል፤ የላይና የታች ጥርሶቹ ይተላለፋሉ። የቆቅ አጥንት እንኳ ሲቆረጥም ግማሹ ከአፉ ይወድቃል።

እናቱ መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ግን አንጀቷን በላትና ጥርስ ወደምታክመው ወደ እመት ጦጣ ይዛው ሄደች። እመት ጦጣ የግልገሉን አፍ ከፍታ ላንቃውን በጣቷ ዳሰሰች።

«የወተት ጥርሱ መነቃነቅ ጀምሯል?»

«ኧረ ገና ነው።»

«እሰይ፣ በጊዜ አመጣሽው! ላንቃው ጠቦ ነው። ከወይራ እንጨት ትንሽ ሽብልቅ ጠርቤ አስገባለታለሁ፤ ቀስ እያለች ታሰፋዋለች። አንድ ክረምት ብቻ ነው። ግን እስከ መስከረም አጥንት አፉ እንዳይገባ! ጉበት፣ ኩላሊት፣ ለስላሳ ለስላሳውን ስጪው።»

ጉበት ሲባል እናት ጅብ ክው አለች። ከግዳዩ ሁሉ ለራሷ የምታስቀረው እሱን ነበር።

«የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይወልቅ የለም?» አለች።

«ጥርሱስ ይወልቃል፤ መንጋጋው ግን ያው ነው፣ የኔ እናት። አሁን ለጋ ስለሆነ ይታዘዛል። ካደገ በኋላ ብታመጪው ምንም አላደርግልሽም።»

ሽብልቋ ገባች። እናት ጅብ አምስት ቀን ቃሏን ጠበቀች። ልጇ ጉበቱን ሲውጥ እሷ ምራቋን ትውጣለች። በስድስተኛው ቀን ቀበሮ መጣች። ይቺ ቀበሮ ከጅቧ ደጅ የተረፈውን ሥጋ እየለቃቀመች የምትኖር ናት፤ ሽብልቋ ከገባች ወዲህ ግን ጠብ የሚልላት አጥታለች።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ለስላሳውን ሁሉ ለልጁ ነው የምሰጠው። እመት ጦጣ ብላኝ።»

«ውይ በሞትኩት! ጅብ በጉበት ሲያድግ የት አገር አይተሻል? ደግሞስ ጦጣ ስለ አጥንት ምን ታውቃለች? የሰው በቆሎ ስትሸለቅቅ የምትውል!»

የእናት ጅብ ልብ ቅቤ ጠጣ። ቀበሮ አሳመነቻት እንዳትሉ፤ ሆዷ ቀድሞ አምኖ ነበር። ሽብልቋን ነቅላ ወረወረቻት። ጉበቱን ከቀበሮ ጋር ተካፍላ በላችና ለልጇ የታፋ አጥንት ጣለችለት።

«እማ፣ ያመኛል» አለ ሽብሩ።

«ቆርጥም! ጅብ አይደለህ እንዴ? ጥርስህ ሲለወጥ ይስተካከላል።»

ጥርሱ ተለወጠ። አዲሱም እዚያው ጠማማው መንጋጋ ላይ በቀለ፤ አጥንቱም ደነደነ። ግዳይ ሲገኝ ጉልበተኞቹ ጅቦች ከሥጋው ገፍተው ያባርሩታል፤ የሚተርፈውን አጥንት ደግሞ መስበር አይችልም። የጎን አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ እመት ጦጣ ዘንድ ብቻውን ሄደ። አፉን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ያን ጊዜ ነበር፣ ልጄ» አለችው።

ዓመታት አለፉ። እናት ጅብም አረጀች፤ ጥርሷም አለቀ። በአንድ ክፉ በጋ እናትና ልጅ ለቀናት ምንም ሳይቀምሱ ቆይተው፣ ሽብሩ መቅኔ የሞላው የበሬ ቅልጥም ወድቆ አገኘ። እየጎተተ አመጣላት።

«ተመስገን! በል ስበረው፣ የኔ ሽብሩ። ሽታው ገደለኝ!»

ነከሰው። መንጋጋው ሸሸና ቅልጥሙ አፈትልኮ ወደቀ። ደግሞ ነከሰው፤ ድዱ ደማ።

«ጠንከር በል እንጂ!»

«አልችልም፣ እማ። ችዬም አላውቅ።»

«እኔ ነኝ የበደልኩህ» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ምን ዋጋ አለው? ልቅሶ ቅልጥም አይሰብር! ቀኑን ሙሉ አጥንቱን በየተራ ሲልሱ ዋሉ። በማግስቱ እናቲቱ እዚያው ቅልጥሙ አጠገብ ሞተች፤ ሽብሩም ከሁለት ቀን በኋላ ተከተላት። መቅኔውን የነካው አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው የልጁን አፍ ገና ለጋ ሳለ ማሳከም ሲችል «ሲያድግ ይስተካከላል» እያለ ለራሱ ምቾት ጊዜውን ያሳለፈ ወላጅ፣ ኋላ ቢጸጸትም ያን ጊዜ ለልጁ መመለስ እንደማይችል ነው።