የወለላ ጆሮ በቀዘቀዘ ጊዜ

አንድ ጓንጉል የሚባል ሰው ወለላ የምትባል የፈረንጅ ላም ነበረችው። በሰፈሩ የእሷን ያህል ወተት የምትሰጥ ላም አልነበረችም፤ ጓንጉልም የሚታለበው እሱ ራሱ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር።

ወለላ አራተኛ ጥጃዋን በወለደች ዕለት ደስታው ወሰን አጣ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠራና እንገሩን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አልቦ፣ አፍልቶ አደለ። ሰዉም እየጠጣ፣ "እንኳን ማርያም ማረችህ!" አለው።

"የወለደችው እሷ ናት እኮ" አለች ሚስቱ ዘውድነሽ። የላሟን ጆሮ ዳሰስ አድርጋ ደነገጠች። "ጓንጉል፣ ጆሮዋ በረዶ ሆኗል። ለዛሬ ይብቃት፣ ተዋት።"

"ላም ስትታለብ ነው ደስ የሚላት" አለና ባልዲውን ይዞ እንደገና ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ወለላ አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ፣ ተኝታ ተገኘች። ቢጠሯት አልሰማችም፣ ቢገፏት አልተነሳችም። ስምንት ወንዶች ተጠርተው በገመድ ጎተቷት። ገመዱ ተበጠሰና ስምንቱም ተደራርበው እበቱ ላይ ወደቁ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ዓይን ነው!" ብሎ ጮኸ ጓንጉል። ትናንት እንገር እየጠጣ "ኧረ ይቺ ጡት!" ያለውን ድንበሩ የተባለ ጎረቤቱን እጁን ይዞ እየጎተተ አመጣው።

"ትፋባት!"

"ኧረ ጓንጉል፣ እኔ እኮ ማድነቄ ነው!"

"እንትፍ በልባት ነው የምልህ!"

ምስኪን ድንበሩ አፉ እስኪደርቅ እንትፍ እንትፍ አለ። ወለላ ጭራሽ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ ጓንጉል አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዘውድነሽ ማንንም ሳታማክር የእንስሳት ሐኪም አስጠርታ ኖሮ፣ ሐኪሟ ደረሰች።

"ትናንት ምን ያህል አለባችሁ?"

"እስከ ጠብታው!" አለ ጓንጉል። በለቅሶው መሃል እንኳ ኩራቱ አልለቀቀውም።

"እሱ ነዋ ነገሩ! ላም ስትወልድ በደሟ ያለው ካልሲየም ወደ ወተቷ ይወርዳል። የጎደለውን ከአጥንቷ አውጥታ እስክትተካ ጥቂት ቀን ያስፈልጋታል። እርስዎ ደግሞ ፋታ ሳይሰጡ በባልዲ ወሰዱባት። ካልሲየሟ ሲያልቅ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻዋም ይዝላል፤ በምን አቅሟ ትቁም?"

ሐኪሟ ካልሲየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥሯ ቀስ እያለች ሰጠቻት። ብዙም ሳይቆይ ወለላ ተንቀጠቀጠች፣ አገሳች፣ ከዚያም ብድግ ብላ ቆመች። ጓንጉል በደስታ ሰክሮ ከኋላዋ ሊያቅፋት ቢጠጋ፣ ከትናንት ጀምሮ ያቆየችውን ሁሉ ደረቱ ላይ ለቀቀችበት።

"አሁን በደንብ ድናለች" አለች ሐኪሟ። "ለጥቂት ቀን ግን ለጥጃዋ የሚበቃውን ያህል ብቻ እለቡ።"

ጓንጉል እበቱን ሳይጠርግ ድንበሩ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ድንበሩም፣ "ይቅር እልሃለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ውኃ አጠጣኝ፣ ምራቄ አልቋል" አለው።

ወዳጄ፣ ብዙ የሚሰጥ ሁሉ ብዙ የተረፈው አይምሰልህ። ሰጪ የሚደክመው እኛ እያጨበጨብን ስንቀበል ነው፤ ሲወድቅም ጥፋቱን ከራሳችን እጅ ሳይሆን ከጎረቤት ዓይን እንፈልጋለን። በቤትህ ሳትሰለች የምትሰጥህ ማን ናት? እናትህ ናት? ሚስትህ? እኅትህ? "ለአንቺስ ምን ቀረልሽ?" ብለህ የጠየቅሃት መቼ ነው?