ዳኛው ጅብ ያወጀው ዘፈን

አንድ ጊዜ፣ ያለ እርሱ ማሲንቆ ሠርግ የማይደምቅ አንድ ጉሬዛ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከድግስ ድግስ እየዞረ ሙሽራ ሲያሞግስ፣ ጌታ ሲያወድስ የኖረ አዝማሪ ነው። በዚያ ጫካ ንጉሡ አንበሳ ሲሆን፣ የምንጩ ጠባቂም የችሎቱ ዳኛም ጅብ ነበር።

አንድ በጋ የአህያ ውርንጭላ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ ሳትመለስ ቀረች። እናቲቱ ልጇን ጅብ ሲበላት በዓይኗ አይታ ነበርና ችሎት ቀርባ ከሰሰች። ዳኛው ግን ያው ጅብ ነው። ከጥርሱ መካከል የተሰነቀረ ጠጉር እየነቀለ፣ ውርንጭላዋ ገደል ገብታ ሞታለች ብሎ ፈረደ፤ እናቲቱንም ስሜን አጥፍተሻል ብሎ አስገረፋት። አንበሳ ከዙፋኑ ሆኖ እያየ ዝም አለ።

ችሎቱን ቆሞ ሲመለከት የነበረው ጉሬዛ ደሙ ፈላ። እስከዚያ ቀን ያወደሳቸው ጌቶች ሁሉ ትዝ አሉትና በራሱ አፈረ። በማግስቱ በንጉሡ የግብር ድግስ ላይ ዳኛውን እንዲያወድስ ሲታዘዝ፣ ማሲንቆውን ቃኝቶ እንዲህ አለ፦

«ከሳሿ አህያ፣ ዳኛው ጅብ ከሆነ፣
ፍርዱ ችሎት ሳይሆን ሆድ ውስጥ ተወሰነ።»

አንበሳ እንዳልሰማ ሆኖ ሥጋውን ጋጠ። ቀበሮ ግን ጉሬዛን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ብቻ ለውጥ። ጅብ ያልከውን ነብር በለው፤ የቤተ መንግሥት አዝማሪ ትሆናለህ» አለችው።

«ውርንጭላዋን የበላት ነብር አይደለም» አላት።

ጅብ ማሲንቆውን በጥርሱ ሰባበረ፤ ጉሬዛንም አስደብድቦ ከጫካው አባረረው። ያም አልበቃው ብሎ፣ ያንን ዘፈን ማንም እንዳይዘፍን ከመንደር መንደር እየዞረ አወጀ። እንስሳቱ የትኛው ዘፈን እንደተከለከለ ሲጠይቁት፣ ሞኙ ጅብ ጉሮሮውን ጠርጎ ግጥሙን ከነዜማው አሰማቸው። ያልሰማው ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ አህያው፣ በሬውና አጋዘኑ ያንኑ እየዘፈኑ በአንድነት ወደ ምንጩ ወረዱ። ጅብ ሊያስፈራራቸው ቢሞክር በርግጫና በቀንድ ተቀበሉት፤ እያነከሰ አገር ጥሎ ጠፋ።

ይህን ጊዜ አንበሳ ጅብን የሻርኩት እኔ ነኝ ብሎ አስነገረ። ጉሬዛንም አስጠርቶ፣ አዲስ ማሲንቆ አስቀርቦ፣ የንጉሡን ፍትሕ እንዲያወድስ አዘዘው። ጉሬዛ ማሲንቆውን አልነካም።

«ጃንሆይ፣ እናቲቱ ስትገረፍ ዙፋንዎ ላይ ነበሩ። እኔ ስጮህም ሥጋ ይግጡ ነበር። ለዚህ የሚሆን ውዳሴ እኔ ዘንድ የለም» አለ።

ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶ ወጣና ወደ አህያዋ ደጅ ሄደ። እስከዚያ ቀን ከወላጇ በቀር ማንም ላላለቀሰላት ውርንጭላ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጦ፣ ያለ ማሲንቆ ሙሾ አወረደላት።

ከዚህ የምንማረው፣ በደል ሲፈጸም እያየ ዝም ያለ ገዢ፣ በዳዩን ሌሎች ካባረሩለት በኋላ ምስጋና ሊጠይቅ እንደማይገባው ነው።